ለሰልስት የሚያደርስ መንገድ

ከዋሽንግተን እስከ አዲስ አበባ በአየር ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው፤ በማይል ሲሰላ ከ7,000 በላይ ይሆናል። ለዕረፍት የሚሄድ ሰው ስለ ቁጥሩ ብዙም አይጨነቅም። ርቀቱ የሚከብደው የሞት ወሬ ሲመጣ ነው።

ነገሩን በሰዓት እናስላው። በሰኔና በሐምሌ ወራት አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በ7 ሰዓት ትቀድማለች፤ ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ደግሞ በ8 ሰዓት። በሐምሌ አንዲት እናት ማክሰኞ ሌሊት አዲስ አበባ ላይ ዐረፉ እንበል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ስልክ ሲደወል ዋሽንግተን ገና ሰኞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ቀብሩ በዚያው ማክሰኞ በ9 ሰዓት ከሆነ፣ ያን ጊዜ በዋሽንግተን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይሆናል። ልጅ ወዲያው ትኬት ቆርጦ ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ቢነሳ እንኳ፣ እናቱ አፈር ከለበሱ 3 ሰዓት አልፏል። የቀጥታ በረራው 13 ሰዓት ያህል ስለሚወስድ ቦሌ የሚደርሰው ረቡዕ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው። ቀብሩ አመለጠው፤ የሐሙሱ ሰልስት ግን አላመለጠውም።

ወዳጅ ዘመድ ማሰብ ያለበት እዚህ ላይ ነው። በልማዳችን መርዶ በድንገት አይነገርም፤ ሽማግሌና የቅርብ ጓደኛ ተሰብስቦ በማለዳ በር ያንኳኳል። በውጭ አገር ደግሞ ሁሉም ሥራ ስለሚውል «ቅዳሜ ይነገረው» ይባላል። ሐሳቡ ከቅንነት የመጣ ነው፤ ነገር ግን ቅዳሜ ሰልስቱ አልፏል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1998 እ.ኤ.አ. ወደ ዋሽንግተን መብረር ከመጀመሩ በፊት አውሮፓ ላይ አውሮፕላን መቀየር ግድ ስለነበር፣ «ቢነገረውም አይደርስ» ማለት ያስኬድ ነበር። ዛሬ ግን ልጁ ረቡዕ ማለዳ ቢረዳ እንኳ፣ ፓስፖርቱና ወረቀቱ የተሟላ ከሆነ ሐሙስ ጠዋት አዲስ አበባ ይገባል።

ከመሥሪያ ቤቱ ጥቂት ቀን ብቻ የተፈቀደለት ሰው መመለሻውንም ማስላት አለበት። መንገዱ ያው ቢሆንም ሰዓቱ አንድ አይደለም። ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚሄድ ወደ አገር ቤት ሲበሩ ከኋላ ይገፋል፤ ሲመለሱ ከፊት ይገጥማል። ሁለተኛው ምክንያት የአዲስ አበባ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ የዋሽንግተኑ ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ በመሆኑ የሞተሩ ጉልበትም ክንፉ የሚያነሳው ክብደትም ይቀንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ እስከ አሜሪካ የሚበቃ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ መነሳት ስለሚቸገር፣ በመንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል፤ ባለፉት ዓመታት ሮምና ደብሊን ለዚህ አገልግለዋል። በዚህ የተነሳ መመለሻው ከ16 እስከ 17 ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ርቀቱን ማንም ሊያሳጥረው አይችልም። መርዶውን ግን ከቅዳሜ ወደ ነገ ማለዳ ማምጣት ይቻላል። ልጅ የእናቱን ሰልስት ከወንድም ከእህቶቹ ጋር እንዲያወጣ የሚያስችለው ይኸው ነው።