ውሃው ግማሽ ሲደርስ

ዛሬ የማካፍላችሁ ከመድረክ የሰማሁትን ሳይሆን በአንድ የእረፍት ቀን ከገዛ ልጄ የተማርኩትን ነው።

ላስ ቬጋስ መኖር ከጀመርን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖናል። እኔ ታክሲ እነዳለሁ፣ ባለቤቴ ሌሊት ትሠራለች። ቅዳሜ የጸሎት ፕሮግራም አለን፤ እሁድ ሙሉውን ቀን አገልግሎት ነው። ከከተማችን በመኪና አንድ ሰዓት ያህል የሚርቀውን ቫሊ ኦፍ ፋየር የተባለ ፓርክ ተሳፋሪዎቼ ሲያደንቁት እሰማለሁ እንጂ ሄጄ አላየሁትም ነበር። ዘንድሮ ልጆቹ የፀደይ እረፍት ላይ ሳሉ ለአንድ ቅዳሜ ፈቃድ ጠየቅሁ። “በጸሎት ቀን?” ብሎ አንድ ወንድም ተገረመ። እውነቱን ለመናገር እኔም የቀረሁት እየከነከነኝ ነው።

ድፎ ዳቦ፣ ቆሎና ሻይ በፔርሙስ ይዘን በጠዋት ወጣን። ቦታው “የእሳት ሸለቆ” መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ድንጋዩ በውስጡ ባለው ብረት ዝገት ቀልቷል፤ የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት ፍም ይመስላል። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጄ ኩምቢው የተዘረጋ ዝሆን የሚመስለውን አለት ሲያይ ከመኪናው ዘሎ ሊወርድ ነበር። የጥንት ሰዎች አለት ላይ የቀረጿቸውን ቀንዳም በጎች አየን። ከ2,000 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ እንዳሉባቸው ይነገራል። ልጆቹ ስልካቸውን ቢያወጡም ኔትወርክ አልነበረም፤ መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

ከዚያ ፋየር ዌቭ ወደሚባለው፣ ቀይና ነጭ መስመር እንደ ጥለት ወደሚጠማዘዝበት አለት ጉዞ ጀመርን። መንገዱ ረጅም አይደለም፤ ነገር ግን አሸዋ ነው፣ ጥላም የለውም። እኔ ደግሞ ትልቁን የውሃ ጀሪካን መኪና ውስጥ ትቼ ለአምስት ሰው አራት ትንንሽ ጠርሙስ ብቻ ይዤ ነበር። ገና ሳንደርስ የአሥራ አራት ዓመቷ ልጄ ቆመች።

“አባዬ፣ ውሃው ግማሽ ሆኗል። በረሃ ውስጥ ውሃ ግማሽ ሲደርስ መመለስ ነው፤ ትምህርት ቤት ነግረውናል።”

“እዚህ ደርሰንማ አንመለስም፤ ትንሽ ነው የቀረው” አልኳት።

“ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የምትለው” አለችኝ።

ስለ መንገዱ ብቻ እንዳልተናገረች ገባኝ። ተመለስን። እናትየው ከትንንሾቹ ጋር ቀደም አለች፣ እኔና ልጄ ከኋላ ቀረን። ጥቂት ከሄድን በኋላ ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦ “ቤተ ክርስቲያን ለሰው ልጆች ስትጸልይ እሰማሃለሁ። እኔን ግን ‘ትምህርት እንዴት ነው?’ ትለኝና መልሱን ሳትሰማ ትወጣለህ።” የምመልሰው አልነበረኝም። “ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ልጄ” አልኳት። ዝም አለች፤ ግን የያዘችውን ጠርሙስ አቀበለችኝ።

ወገኖቼ፣ በስደት ያለን አማኞች ከእረፍት ጋር ተጣልተናል ብዬ አምናለሁ። ሥራ ስንጨርስ አገልግሎት፣ አገልግሎት ስንጨርስ ሥራ ነው። ደክሞ የሚወድቀውን “ተቀጣጥሎ የሚያገለግል” እንለዋለን፤ ቤተሰቡን ይዞ የወጣውን ግን “ቀዘቀዘ” እንለዋለን። ይህ ትክክል አይደለም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ደቀ መዛሙርቱ ከአገልግሎት ሲመለሱ ለምግብ እንኳ ጊዜ አጥተው ነበር። ጌታ ግን ሌላ ሥራ አልጨመረባቸውም፤ ጥቂት እንዲያርፉ ወደ ምድረ በዳ ጠራቸው። ሕዝቡ ተከትሏቸው እረፍታቸው እንደተቋረጠ አውቃለሁ፤ ጌታም ራርቶላቸዋል። ቢሆንም የእረፍቱን ሐሳብ ያመጣው እርሱ ራሱ ነው። ኤልያስም በምድረ በዳ ሞትን በለመነ ጊዜ መጀመሪያ ያገኘው እንቅልፍና እንጀራ እንጂ ተግሣጽ አልነበረም።

“ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሰው እረፍት ቅንጦት ነው” የሚለኝ ይኖራል። የቤት ኪራይ ምን እንደሆነ እኔም አውቀዋለሁ። እያልኩ ያለሁት ሥራ ተዉ፣ ጸሎት ተዉ አይደለም። ውሃችሁን ተመልከቱ ነው። በረሃ ውስጥ ሰው የሚጎዳው ውሃው ያለቀ ቀን ብቻ አይደለም፤ ግማሽ ላይ አልመለስም ያለ ጊዜ ጉዳቱ ተጀምሯል። ልጆቻችን ቋንቋችንን፣ ቤተ ክርስቲያናችንን፣ በመጨረሻም እኛን ትተው የሚሄዱት በአንድ ቀን አይደለም። ግማሽ ላይ ሳሉ ይነግሩናል፤ የማንሰማው እኛ ነን።

መኪናችን ጋ ደርሰን እስክንረካ ጠጣን። ከሰዓት በኋላ ማውስስ ታንክ ወደሚባለው ቦታ አጭር መንገድ ሄድን። በ1890ዎቹ “ትንሹ አይጥ” የሚሉት አንድ የፓዩት ተወላጅ ከአሳዳጆቹ የተሸሸገበት ነው ይባላል። በዚያ ደረቅ ምድር መደበቅ የቻለው ዝናብ ሲዘንብ ውሃ የሚያጠራቅም የአለት ጎድጓዳ ስላለ ነው። ካልተጠጋችሁ በቀር ውሃ አለ ብላችሁ አትገምቱም። ልጄ አጎንብሳ ስታየው አጋር ትዝ አለችኝ። በቤርሳቤህ ምድረ በዳ ውሃዋ አልቆ ልጇን ከቁጥቋጦ ሥር ጥላ ስታለቅስ፣ እግዚአብሔር ዓይኗን ከፈተላትና የውሃ ጉድጓድ አየች። የእኔም ልጅ ሁልጊዜ አጠገቤ ነበረች። የጎደለኝ ዓይን ነበር።

በሳምንቱ ሽማግሌዎችን አነጋገርኩ፤ በወር አንዱን ቅዳሜ ለቤተሰቤ እንድተው ተስማምተናል። ፋየር ዌቭን እስካሁን አላየነውም፤ በሚቀጥለው ጉዟችን ጀሪካኑን የምሸከመው እኔ ነኝ።

እናንተስ? ውሃችሁ የት ደርሷል? ዛሬ ማታ ከልጆቻችሁ አንዱን ጠይቁ፤ መልሱንም ቁጭ ብላችሁ ስሙ። ጌታ ዓይናችንን ይክፈትልን። ተባረኩ።