5,150 ሜጋዋት እና 5 ቮልት

«ጋዜጠኝነት የተማሩ ልጆች ስለ ቮልት ምን አገባቸው?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው፤ ስለ ተማሪዎች ፈጠራ የሚሠራው ዜና ከሙያችን ስለሚወጣ ያገባናል። ዜናው ደግሞ ሁሌም መልኩ አንድ ነው። ተማሪው በካርቶን የሠራውን ማሳ ይዞ ይቆማል፣ አፈሩ ሲደርቅ ትንሿ ፓምፕ ራሷ ትነሳለች፣ እንግዶች ያጨበጭባሉ፣ ካሜራው ይሄዳል። ካሜራው የማያሳየን ከጠረጴዛው ሥር ወደ ላፕቶፑ የሚሄደውን ገመድ ነው!

ለመሆኑ ያ ገመድ ሲነቀል ምን ይሆናል? ዕቃው ቆቦ ዙሪያ ካለ የሽንኩርት ማሳ ደረሰ እንበል። በላፕቶፑ ፋንታ አራት ማዕዘኗ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ትገባለች። ፓምፗ ልትነሳ ስትል ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። አርዱኢኖው ከሀ ይጀምራል፤ አፈሩን ይለካል፣ ደረቅ ነው ይላል፣ ፓምፗን ያዛል፣ እንደገና ይጠፋል። ከዚያ ፍርዱ ይከተላል። «ኮዱ ተበላሽቷል»፣ «ቦርዱ ፎርጅድ ነው»፣ ሲብስም «ልጁ ድሮም አልገባውም ነበር»።

ልጁ ምን አጠፋ? ሞተር ሲነሳ ከሚሠራበት ጊዜ ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባል። ያቺ ትንሽ ባትሪ ይህን የመስጠት አቅም የላትም፤ ቮልቴጇ ይወድቃል። በአርዱኢኖ ኡኖ ላይ ያለው ቺፕ ደግሞ ቮልቴጁ 2.7 አካባቢ ሲደርስ፣ የተሳሳተ ሥራ ከሚሠራ ራሱን አቁሞ እንደገና እንዲጀምር ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ችግሩ ያለው ኮዱ ውስጥ ሳይሆን ገመዱ ውስጥ ነው። መፍትሔውም ተአምር አይደለም። ለፓምፗ አቅም ያለው የራሷ ባትሪ ይሰጣታል፣ በትራንዚስተር የምትታዘዝ ከሆነ የሁለቱ ባትሪዎች ኔጌቲቭ ይገናኛል፣ ቀጭኑ ገመድ በወፍራም ይቀየራል፣ ከቺፑ እግር አጠገብ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይቀመጣል። አለቀ!

በስልክ መልእክት ፓምፕ የሚያስነሳውም እንዲሁ ነው። ሲም 800ኤል የሚባለው ሞጁል ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ይፈልጋል፤ ኔትወርክ ሲጠራ ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይጎትታል። ከአርዱኢኖው 5 ቮልት ላይ ሲሰኩት ቮልቱ ይበዛበታል፣ ከረንቱ ያንሰዋል። ተማሪው ግን «ኔትወርክ የለም» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሸኛል።

የራያ ፀሐይም ድርሻ አላት። ከ12 ቮልት ባትሪ ወደ 5 ቮልት በተለመደው ሬጉሌተር ስናወርድ፣ ዕቃው 200 ሚሊአምፔር ብቻ ቢስብ እንኳ 1.4 ዋት ወደ ሙቀት ይቀየራል። በፕላስቲክ ሳጥን አሽጎ በቆላው ቀትር ማሳ ላይ ማስቀመጥ ምጣድ ላይ እንደ መጣድ ነው። ሬጉሌተሩ ሲግል ራሱን ያጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። ማታ የሚሠራ፣ ቀን የሚሞት «ፈጠራ» ያየ ሰው ካለ ሰይጣን አይጠርጥር፤ ሬጉሌተሩን ይዳስስ።

እንግዲህ ይህ ለራያ የጨዋታ ጉዳይ አይደለም። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ማሳ የሚደርሰው በፓምፕ ነው። ቮልቴጅ ሲያንስ ትልቁም ሞተር ብዙ ከረንት እየሳበ ይግላል፣ ሲቆይም ይቃጠላል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ሰሜን ወሎ ሲገባ አካባቢው ለወራት ያለ መብራት ከርሟል። ኃይል ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ሕዝብ ሌላ ሰው ሊነግረው አይችልም። ልጆቹ ግን ትምህርት ቤት ሲገቡ የሚነገራቸው «ኮድ ጻፉ» ብቻ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ንቅናቄ ተጀመረ። ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ አንድሮይድ፤ እሰየው፣ አንቃወምም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨውን ሕዳሴ ግድብ አስመረቅን፤ እሰየው አሁንም። ታዲያ 5,150 ሜጋዋት ያስመረቀች አገር ለአንድ ተማሪ ያልተንቀጠቀጠ 5 ቮልት እንዴት እንደሚሰጥ ማስተማር እንዴት ያቅታታል?

«ቴስተር የቴክኒሻን ነገር ነው፤ ልጆቻችን ሶፍትዌር ይማሩ» የሚሉ አሉ። ይህ የቢሮ ሰው ንቀት ነው። የገበያው ሞባይል ጠጋኝ አልነሳ ያለ ስልክ ሲቀርብለት መጀመሪያ ባትሪውን ይለካል። ዲግሪ አልጠየቀውም። ተማሪው ግን ቴስተር ሳይዝ ሦስት ቀን ኮድ ሲሰርዝና ሲጽፍ ይከርማል። በመጨረሻ የሚሰርዘው ራሱን ነው፤ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብሎ ይተወዋል። የምንከስረው ቦርዱን ቢሆን ባልተቆጨን ነበር፤ የምንከስረው ልጁን ነው።

ጥያቄያችን ሦስት ነው። ላፕቶፕ የሚገዛ ትምህርት ቤት በዋጋው ቅንጣት ቴስተር ይግዛ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርትም ፓምፑ ሲነሳ ቮልቱን መለካት ይሁን። የውድድር ዳኞች ዕቃውን ከግድግዳና ከላፕቶፕ ነቅለው፣ ደጅ አውጥተው፣ በቀትር ይፈትኑ። የሙያ አጋሮቻችን ደግሞ «ምን ተሰማህ?» ከማለታችሁ በፊት «ኃይሉን ከየት ታመጣዋለህ?» በሉ።

መልስ ያጣ ልጅ ካለ አታሳፍሩት። ቴስተር ስጡት!

ቸር እንሰንብት።