ፍላሽ ዲስክ ለማንበብ የሩት የይለፍ ቃል ለምን?

ፍላሽ ዲስክ በዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች ላይ ስለ ተሰካ ብቻ አይነበብም፤ በውስጡ ያለው የፋይል ሥርዓት ከማሽኑ የማውጫ ዛፍ ጋር መያያዝ፣ በተለመደው አነጋገር «ማውንት» መደረግ ይኖርበታል። በጥንቱ ደንብ ይህ «ሩት» የተባለው የበላይ አስተዳዳሪ ሥልጣን ነው። የዛሬ ዴስክቶፖች «ዩዲስክስ» በተባለ አገልግሎት በኩል በማሽኑ ፊት ለተቀመጠው ሰው ይፈጽሙለታል። ዴስክቶፕ በሌላቸው የቤተ ሙከራ ማሽኖች ግን ተማሪው ውጤቱን ገልብጦ እንዲወስድ በሚል የሩትን የይለፍ ቃል መስጠት አይገባም እንላለን፤ አንዲት ሣጥን ለማስከፈት የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ሁሉ ማስረከብ ነውና።

ክልከላው ያለ ምክንያት አልመጣም። በራሱ ማሽን ላይ ሩት የሆነ ሰው፣ ማንም ቢያስነሳው በሩት ሥልጣን የሚሠራ ፕሮግራም በፍላሹ ላይ አዘጋጅቶ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ በሊኑክስ «ኤፍስታብ» በተባለው ፋይል «ዩዘር» የሚል ቃል ተጽፎ ተራው ተጠቃሚ ሲፈቀድለት፣ ይህን ሥልጣን የሚሽረው «ኖሱይድ» አብሮ ይጸናል፤ ከፍላሹ ፕሮግራም ማስነሳትም ይከለከላል። በፍሪቢኤስዲ ደግሞ ፈቃዱ ቢሰጥም ማያያዣው ማውጫ የተጠቃሚው ንብረት መሆን አለበት።

ኦፕንቢኤስዲ እ.ኤ.አ. በ2016 ፈቃዱን ጨርሶ ሰርዞታል። ጥንቃቄውን እናከብራለን፤ ለተማሪዎች ማሽን ግን አንመኘውም። በ2025 ይፋ የሆነው የሊኑክስ ጉድለት እንኳ የመነጨው ከመዘንጋት ነበር፦ ዩዲስክስ የሚገለገልበት «ሊብብሎክዴቭ» የኤክስኤፍኤስ ፋይል ሥርዓትን መጠን ሲለውጥ ለጊዜው ያለ ኖሱይድ ያያይዝ ነበር። ሆን ተብሎ የተበላሸ የፋይል ሥርዓት ከርነሉን ሊጥል መቻሉ አይካድም፤ ይህን ኖሱይድ አያግደውም። የይለፍ ቃሉን ለሁሉ ማደልም እንዲሁ።