ጥንቸል የማያስፈልገው ቤተ ሙከራ ለቂሊንጦ

እንዶድ ልብስ እንደሚያነጣ ለአገራችን ሰው ማስረዳት አያሻም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ተክሉ ቢልሃርዚያን ለመግታት እንደሚረዳ ተገነዘቡ። ሆኖም የመርዛማነት ጥናቱ ዓለም አቀፍ መስፈርት በሚያሟሉ ቤተ ሙከራዎች እንዲሠራ በመጠየቁ ረጅም ዓመታት ባከኑ። የደኅንነት ግምገማው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1991 ነበር። እንዶድ ዓይንን እንደሚያስቆጣ ከተመለከቱት ነጥቦች አንዱ ነው።

ይህን ያነሣነው ስለ ቂሊንጦ ስናስብ ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ቂሊንጦ አካባቢ፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና ለመድኃኒት አምራቾች የተሠራው የኢንዱስትሪ ፓርክ ይገኛሉ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መዋቢያዎችንም በቁጥጥር ሥር አድርጓል። ታዲያ የፊት ቅባትና የፀጉር ማለስለሻ ቆዳ እንደማይጎዱ መፈተሽ ያለበት የት ነው? እኛ ቂሊንጦ እንላለን፤ ያውም ያለ እንስሳ።

አሜሪካዊው ጆን ድሬዝ እ.ኤ.አ. በ1944 ባስተዋወቀው ዘዴ፣ ኬሚካሉ ፀጉሩ በተላጨ ጥንቸል ቆዳ ላይ ተደርጎ መቅላቱና ማበጡ በነጥብ ይመዘናል። የጥንቸል ቆዳ ግን የሰው ቆዳ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በእንስሳት ላይ የተፈተኑ መዋቢያዎች እንዳይሸጡ አግዷል። ሌላው የሚተወውን የጥንቸል ቤት እኛ ዛሬ ከመሠረቱ የምንገነባበት ምክንያት አይታየንም።

ምትኩ ምንድን ነው? የሰው ቆዳ ሕዋሳት በቤተ ሙከራ ተራብተው እንደ ላይኛው ቆዳ በድርብርብ ያድጋሉ። የሚፈተሸው ኬሚካል ለአጭር ጊዜ ይቀባቸውና ይታጠባል፤ ከ42 ሰዓት ገደማ በኋላ ኤምቲቲ የተባለ ቢጫ ማቅለሚያ ይጨመራል። ሕያው ሕዋስ ቢጫውን ወደ ወይን ጠጅ ይለውጠዋል። በሕይወት የቀረው ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ኬሚካሉ ቆዳ ያስቆጣል ማለት ነው። ችግሩ፣ ይህ ቆዳ ሕይወት ያለው ዕቃ በመሆኑ ከውጭ ቢገዛ ዕድሜው በቀናት የሚቆጠር ነው። ጉምሩክ ላይ ከዋለ ካደረ ምን እንደሚተርፈው አንባቢ ይገምት!

ስለዚህ ጅምሩ ሕዋስ ከማይፈልገው ፍተሻ ቢሆን እንመርጣለን። አለርጂ የሚያስነሡ ኬሚካሎች አብዛኛውን ጊዜ ከቆዳ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃሉ። ኬሚካሉን ሲስቴይን ወይም ላይሲን ካለበት አጭር ፔፕታይድ ጋር ቀላቅሎ 24 ሰዓት ማቆየት፣ ከዚያም ያልተነካው ፔፕታይድ ምን ያህል እንደቀረ በኤችፒኤልሲ መለካት ይቻላል። መሣሪያው ለመድኃኒት ጥራት ባለሙያ እንግዳ አይደለም። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ2015 ተቀብሎታል። ብቻውን ግን አይበቃም፤ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ ከሕዋስ ፍተሻዎች ጋር አጣምሮ መጠቀምን ያሳያል።

ይህ ለድሃ አገር ቅንጦት ነው የሚሉ አይጠፉም። ቅንጦት የሚሆነውስ ለእያንዳንዱ ምርት ባሕር ማዶ ደጅ መጥናት ይመስለናል። ከመሣሪያው ይልቅ የሚከብደው መዝገቡ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደጨመረ በየዕለቱ ካልተጻፈ ውጤቱን ሌላ አገር አያምነውም።

ለተማሪዎቻችን የሚተርፍ ጥያቄም አለ። የፔፕታይዱ ፍተሻ በይበልጥ የሚመቸው ማንነቱ ለታወቀ ነጠላ ውሕድ ነው። እንደ እንዶድ ያለ ብዙ ውሕድ ያዘለ ተክል በምን መጠንና በምን ስሌት ይመዘን? ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልግ ከዚህ ሊጀምር ይችላል።