ሹፌሩ ያንኮራፋል ወይ?

ስልክ ላይ «ከባድ እንቅልፍ የሚያስተኛ ድምፅ» እየተባለ የሚዞረው በዝቷል። ዝናብ፣ ፏፏቴ፣ ፒንክ ኖይዝ የሚሉት የሚንሿሿ ድምፅ። ለሚያንኮራፋ ሰው ፍቱን ነው የሚልም አለ። እዚህ ላይ ነው የምቃወመው።

ነገሩ ከባዶ አልተነሳም። እ.ኤ.አ. በ2013 የጀርመን ተመራማሪዎች 11 ጤነኛ ሰዎችን አስተኝተው፣ ራስ ላይ በተለጠፈ መለኪያ የአንጎላቸውን ዝግተኛ ሞገድ ተከተሉ። ሞገዱ ልክ ከፍ ሲል አጭር ድምፅ አሰሙ። ሞገዱ በረታ፤ ሰዎቹም ማታ ያጠኑትን ቃል ጠዋት የተሻለ አስታወሱ። ድምፁ ከሞገዱ ጋር ሳይገጥም ሲቀር ግን ጥቅም አልታየበትም። ሌሊቱን ሙሉ የሚጮህ ስልክ ይህን አያውቅም።

ስሊፕ አፕኒያ ያለበት ሰው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። ሲተኛ ጉሮሮው ይዘጋል፣ ትንፋሹ አሥር ሰከንድና ከዚያ በላይ ይቆረጣል፣ ኦክስጅኑ ይወርዳል፣ አንጎሉ ደንግጦ ይቀሰቅሰዋል። በከፋበት ሰው ይህ በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያም በላይ ይሆናል። እርግጥ በከባድ እንቅልፍ ሰዓት መታፈኑ ብዙውን ጊዜ ጋብ ስለሚል፣ በድምፅ እንቅልፉን እናክብድለት ማለት ሞኝነት አይደለም። ይመራመሩበት። ድምፅ ግን የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። የሚከፍተው እ.ኤ.አ. በ1981 አውስትራሊያ ውስጥ የተዋወቀው፣ በጭምብል አየር የሚገፋው ሲፓፕ ነው፤ እሱም መብራት ይፈልጋል፣ ገንዘብም ይፈልጋል።

ይህን ለምን ደባርቅ ላይ አመጣሁት? ከደባርቅ ወደ አዲአርቃይ የሚወርደው ሊማሊሞ ስላለ ነው። ሌሊቱን ሲታፈን ያደረ ሹፌር ጠዋት የጫነ መኪና ይዞ ያንን ጠመዝማዛ ይወርዳል። «ስምንት ሰዓት ተኝቻለሁ» ይላል፤ አልዋሸም። መሪው ላይ ግን እንቅልፍ ያዳፋዋል። ብርዱን ለመርሳት ማታ አረቄ ከጨመረበት ደግሞ የጉሮሮው ጡንቻ ይበልጥ ይላላል። እኛ የሚያንኮራፋን ሰው «እንቅልፉ ጣፋጭ ነው» ብለን እንቀልድበታለን።

«ደጋ ስለሆነ ነው ትንፋሽ የሚያጥረው» የሚል መልስም አይበቃኝም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ሰሜን ተራሮች አምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ለክቶ የደማቸው ኦክስጅን በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል፤ ከቆላ ሰው ብዙም አይርቅም። የተለካው ነቅተው ሳሉ ነው። ቢሆንም የደጋው ሰው ሌሊት ኦክስጅኑ ሲያሽቆለቁል በከፍታው አመካኝቶ ማለፍ አይገባም።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዳባት ላይ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ልደትና ሞት የሚመዘግብ የጥናት ማዕከል አለው። ቤት ለቤት ሲዞሩ ስለ ማንኮራፋት ሁለት ጥያቄ ቢጨምሩ፣ ከሚጠረጠሩት ለጥቂቱ ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ አንድ ሌሊት ቢያስሩለት፣ ምርመራውን ባይተካም ማን ወደ ሆስፒታል መላክ እንዳለበት ይጠቁማል። ለመንጃ ፈቃድም ዓይን የሚያየው ሐኪም «ስትተኛ ትንፋሽህ ይቆረጣል?» ብሎ ይጠይቅ። ሹፌሩ ራሱ ግን አያውቀውም፤ ተኝቷላ። የሚያውቁት ሚስቱና ጋቢና ውስጥ አብሮት የሚያድረው ረዳት ናቸው፤ እነሱ ይጠየቁ።