ወተቱን ለምን ደፋችሁት?

ለገበያችን ሹማምንትና ደንብ አስከባሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራንና ክቡራት፣

በአሶሳና በዙሪያዋ ጠመኔ ይዤ ፀጉሬን ያሸበትሁ፣ አሁን ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ደብዳቤ መጻፍ ልማዴ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ሻማ ገዝቻለሁ፤ ውኃ ሲጠፋ ወረፋ ይዣለሁ፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ቤቴ ተቀምጫለሁ። በየጊዜው «ነገ ይስተካከላል» እያልሁ ዝም ብዬ ኖሬአለሁ። ባለፈው ሳምንት ያየሁትን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልሆንልህ አለኝ።

ነገሩ የሆነው ከአሶሳ ወደ ጾሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ገበያ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ሴቶች ጀሪካናቸውን ከጥላው ሥር ደርድረው ተቀምጠዋል። ሰዓቱን ልብ በሉልኝ። ወቅቱ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተያይዘው የገቡበት ነው። ከገበያተኛው ክርስቲያኑ ወተት አይነካም። ሙስሊሙ ደግሞ ለኢፍጣር የሚሆነውን ሊገዛ ብቅ የሚለው በዚያች ሰዓት ነው። ሻጮቹ ራሳቸው ጾመኞች ናቸው። የእናንተ መኪና የደረሰችውም ያን ጊዜ ነው። ከጎሕ ጀምሮ ውኃ ያልቀመሰች ሴት ዓይኗ እያየ፣ ሌላው ጾመኛ ሊያፈጥርበት የነበረው ወተት አፈር ላይ ተደፋ።

ማንም አልቀመሰውም። ማንም አላሸተተውም። ናሙና የወሰደም አልነበረም። «ፈቃድ አለሽ?» ተባለች፤ «የለኝም» አለች፤ ጀሪካኑ ተገለበጠ። ወደ ቀጣይዋ ተሻገራችሁ። ከዳር የተቀመጠችው ሴት ሱዳናውያን ጂብና የሚሉትን ጨዋማ ነጭ አይብ ነበር የምትሸጠው። በነጠላዋ ሸፈን ለማድረግ ሞከረች፤ ሳህኑ በጫማ ተገፋ።

ለምን ደፋችሁት?

ለምን ከለከላችሁ አላልሁም። «ሁለተኛ እዚህ እንዳትሸጪ» ማለት ትችሉ ነበር። «ይዘሽ ወደ ቤትሽ ተመለሽ» ማለት ትችሉ ነበር። ወደ ቤቷ ብትመልሰው ይረጋላት ነበር፤ ስትንጠው ቅቤ ይወጣዋል፤ አሬራው አይብ ይሆናል፤ የተረፈው አጓት እንኳ ጥጃ ያጠጣል። በዚህ አገር ወተት ይበላሻል እንጂ አይጣልም። እናንተ ግን የሚጣልበትን ዘዴ አገኛችሁለት።

እኛ ቁራሽ እንጀራ መንገድ ላይ ወድቆ ስናይ አንሥተን፣ እግር ከማይደርስበት ቦታ የምናስቀምጥ ሰዎች ነን። በርታውም ጉሙዙም፣ ሺናሻውም ማኦና ኮሞውም፣ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ መጥቶ በቁጥር በተሰየሙት የሠፈራ መንደሮች የኖረውም በዚህ አንለያይም። ይህን ማን አስተማራችሁ ብዬ አልጠይቅም፤ ያደጋችሁበት ቤት ነው ያስተማራችሁ። ታዲያ መለያ ልብስ ሲለበስ የእናት ትምህርት ይወልቃል?

«ጥሬ ወተት በሽታ ያመጣል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ያመጣል። የከብት ሳንባ ነቀርሳ አለ፤ ላሟን የሚያስወርዳት፣ ሰውን ደግሞ በትኩሳት የሚያማቅቀው ብሩሴሎሲስ አለ። «አፍልታችሁ ጠጡ» እያልሁ ስንት ዘመን ጮኬአለሁ። ደግሞም እኔ በማውቃቸው ቤቶች አፍልተው ነው የሚጠጡት፤ ለልጅ የሚሰጠውም ሆነ ከሻይ ጋር የሚቀርበው ወተት እሳት ሳያይ አይቀርም። የወተት ዕቃውን በወይራ ጭስ ማጠን የሚያውቁት እነዚሁ ሴቶች ናቸው። ይሁን፤ እነርሱ አያውቁም፣ እናንተ ታውቃላችሁ እንበል። ወተቱ መርዝ ከሆነ መርዝ ሕፃናት በባዶ እግራቸው በሚሮጡበት መንገድ ላይ ይደፋል? መርዝ ካልሆነ ደግሞ ለምን ደፋችሁት?

አዋጅ ትጠቅሳላችሁ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብን ደኅንነቱ ካልተጠበቀ ምግብ ለመከላከል የወጣ ነው። ደግ አዋጅ ነው፤ አልጣላውም። ግን ያን ዕለት ወተቱ አደገኛ መሆኑን ማን አጣራ? በምን መሣሪያ? በየትኛው ባለሙያ? ውኃ መቀላቀሉን የምታሳየው ላክቶሜትር እንኳ ከክንድ የማትረዝም የመስታወት ዘንግ ናት። እርሷም አልነበረችም። የነበረው እጅ ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት፣ በቁጥር ሁለት ብቻ ቀደም ብሎ የወጣ ሌላ አዋጅ አለ፤ አዋጅ ቁጥር 1110/2011። እርሱ ደግሞ ስደተኛ ሠርቶ የማደር መብት እንዲኖረው የደነገገ ነው። አይቧ በጫማ የተገፋባት ሴት የጾሬ የስደተኞች መጠለያ ነዋሪ ናት። ከሱዳኑ ብሉ ናይል በኩርሙክ በኩል ነፍሷን ይዛ የመጣች። በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የምግብ ዕርዳታ በመላ አገሪቱ ሲቋረጥና መጠለያው ለወራት ያለ ራሽን ሲቆይ፣ ያን ጊዜ የያዘችው ሥራ እንደሆነ ነግራኛለች። ዕርዳታ ሲጠፋ ለማኝ ከመሆን አይብ ሻጭ መሆንን መረጠች። ከሁለቱ አዋጆች አንደኛውን ብቻ በቃል የያዛችሁ እንዴት ቢሆን ነው?

ወተት ላይ እውነተኛ አደጋ ሲታይ ምን ይመስል እንደነበር ላስታውሳችሁ። በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያስደነገጠውን አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ ወሬ የማያስታውስ የለም። ተመራማሪዎች ከአዲስ አበባና ወተት ከሚያቀርቡላት ከተሞች 110 የወተት ናሙና ሰበሰቡ፤ የአውሮፓን መለኪያ ያሟላው ዘጠኙ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከ110ሩ 29ኙ ደግሞ ከዚያ መለኪያ ዐሥር እጥፍ በላይ ነበሩ። ምንጩስ? በአብዛኛው ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ፤ በአያያዝ ጉድለት የሻገተው። ይህ መርዝ በመፍላት አይጠፋም፤ ፋብሪካ ገብቶ ቢታሸግም አይጠፋም። ፈቃድ አይቶ አይመለስም፤ መለያ ማኅተም አይቶ አይፈራም። እዚህ ደግሞ ፋጉሎ የምትበላ ላም ብርቅ ናት፤ የእኛ ላም የምትበላው ሣር ነው። ያኔ አደጋው የታወቀው ናሙና ተወስዶ፣ ቤተ ሙከራ ገብቶ፣ ተለክቶ ነው። ለከተሜው ወተት ቤተ ሙከራ፣ ለጾሬዋ ሴት ጫማ። ይህ ነው እኩልነታችን?

«ፈቃድ ያለውን ወተት ጠጡ» ትሉናላችሁ። የትኛውን? ፋብሪካው የሚበዛው አዲስ አበባ ዙሪያ፣ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። የነቀምቱ መንገድ በጸጥታ ችግር ሲዘጋ እንኳን ወተት ጨው ለማግኘትም ተቸግረን ነበር። ቀዝቃዛ መኪና ይህን ሁሉ መንገድ አልፎ ለጾሬ ልጆች ወተት ያደርሳል ብላችሁ ተስፋ የምታደርጉ ከሆነ፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የተባለው ለእናንተ ነው። ሱቅ ውስጥ ያለው የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነው፤ ዋጋውን ሄዳችሁ እዩት።

አምስት ሊትር ወተት እዚህ እንዴት እንደሚገኝ ታውቁ ይሆን? የአገራችን ላም በአማካይ በቀን ሊትር ተኩል ያህል ብትሰጥ ነው። ያውም በሕይወት ከቆየች። የእኛ ቆላ የቆላ ዝንብ አገር ነው፤ ዝንቡ የሚያስተላልፈው ገንዲ ከብቱን አክስቶ፣ አስወርዶ፣ አድክሞ ይጥለዋል። መድኃኒት በወቅቱ ካልተወጋች ላሚቱ ክረምቱን አትዘልቅም። መድኃኒቱ የሚገዛው ከምን ይመስላችኋል? ከወተቱ ነው። አምስት ሊትር ስትደፉ የሦስትና የአራት ላም የአንድ ቀን ፍሬ ነው የደፋችሁት፤ ከእርሱ ጋር የሚቀጥለውን ወር መርፌ። የላሟ በሽታ ያሳስበናል የምትሉ ሰዎች፣ የላሟን መድኃኒት ደፋችሁት።

ደግሞ ይህ ሁሉ የሚሆነው በሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዘመን ነው! በ2015 ዓ.ም. ኅዳር አርባ ምንጭ ላይ ሲበሰር እኔም በቴሌቪዥን አይቼ ደስ ብሎኛል። ወተት ይበዛል፣ እንቁላል ይበዛል፣ ዶሮና ማር ይበዛል ተባለ። እኛ ዘንድ እነሆ በዛ፤ መንገዱ ሁሉ ነጭ ሆኗል። ሪፖርት ስታቀርቡ ይህንንም አስገቡት፤ ስንት ሊትር እንደተመረተ ብቻ ሳይሆን ስንት ሊትር መሬት እንደጠጣ።

ጎረቤታችን ኬንያ በዚህ አልፋለች። እዚያም የጥሬ ወተት ነጋዴ እንደ ሌባ ሲባረርና ወተቱ ሲደፋበት ብዙ ዓመት ኖሯል። በመጨረሻ ባለሥልጣኖቹም ተመራማሪዎቹም አንድ ነገር ገባቸው፤ ሕዝቡ የሚጠጣው ወተት አብዛኛው በእነዚያ በሚባረሩ ሰዎች እጅ የሚያልፍ ነው፤ እነርሱን ማባረር ወተቱን አያጠራውም። እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ አስተሳሰባቸውን ቀየሩ፤ ነጋዴዎቹን አሠለጠኑ፣ ከፕላስቲክ ጀሪካን ወደ ብረት ዕቃ እንዲሻገሩ ገፋፉ፣ ፈቃድም ሰጡ። ኬንያን ሁኑ አልላችሁም። እንዲህም ይቻላል ማለቴ ነው። የእኛም ወተት አብዛኛው ፋብሪካ ደጃፍ ሳይደርስ እንደሚጠጣ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም፤ ቤታችሁ ያለውም ያው ነው። ማታ የሚመጣላችሁን ወተት ፈቃድ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?

አሁን አንድ ነገር ልናገር፤ ብትቆጡም ተቆጡ። ከጫማውና ከመለያ ልብሱ በላይ ያለውን ፊት አውቀዋለሁ። ስሙን አልጠራም። አስተምሬዋለሁ። ከፊተኛው ወንበር የማይነሣ፣ ሒሳብ የሚወድ ልጅ ነበር። ደብተሩ የተገዛው ከወተት መሆኑን አውቃለሁ፤ እናቱ ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቅሏን ይዛ ስትቀመጥ እኔም ገዝቻታለሁ። ያን ዕለት ሲያየኝ ዓይኑን ሰበረ። እጁ ግን አላቆመም።

ልጄ፣ ታዝዤ ነው ትለኛለህ፤ አምንሃለሁ። አለቃህም ታዝዤ ነው ይለኛል። ከላይ ያለውም እንዲሁ። ስንወጣ ስንወጣ የምንደርሰው የት ነው? ወተት ድፉ ብሎ የጻፈ ሰው አለ? ደብዳቤውን አሳየኝ፤ ፊርማውን ልየው። እኔ እስከማውቀው ሕገወጥ ንግድን ተቆጣጠሩ ተባለ እንጂ፣ የጾመኛን ማፍጠሪያ ድፉ ያለ የለም። ያን የጨመርህበት አንተ ነህ። አስተምሬህ ነበር እኮ፤ ወይስ ያስተማርሁህ መደመርና መቀነስ ብቻ ነበር?

ይቅርታ፤ ቃሌ ከረረ። ወደ እናንተ ወደ ሁላችሁም ልመለስ። የወተት ሳይንስ ልንገራችሁ ብዬ አልተነሣሁም፤ ከእኔ የተሻሉ ባለሙያዎች በዚሁ ከተማ አሉ፤ ጠይቋቸው። ዕቃው ይለወጥ ከተባለ ይለወጥ፤ ቦታው ይከለል ከተባለ ይከለል፤ ይመርመር ከተባለ ይመርመር። ሴቶቹ እምቢ አይሉም። ከመሐላቸው አንዷ «ምን እንድናደርግ እንደሚፈልጉ የነገረን ሰው የለም» አለችኝ። ደፍተው ሄዱ እንጂ አልነገሯትም።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ነጋዴውን ያለ ደረሰኝ ሸጠሃል ብላችሁ የምትቀጡ ናችሁና ራሳችሁም ደረሰኝ ቁረጡ። ለምትደፉት ለእያንዳንዱ ጀሪካን ወረቀት ስጡ፤ ስንት ሊትር እንደሆነ፣ በምን ምርመራ አደገኛ ሆኖ እንደተገኘ፣ ማን እንዳዘዘና ማን እንደደፋው በጉልህ ጻፉበት፤ ፈርማችሁም ለባለቤቷ በእጇ ስጧት። ምክንያት በሚለው መስመር ላይ የምትጽፉት ካጣችሁ ጀሪካኑን ከነበረበት መልሳችሁ አስቀምጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአሶሳ ጡረተኛ መምህር