ውሻን በዝርያው ብቻ?

ለቤቱ ጠባቂ የሚሻ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የቡችላውን ዝርያ ነው። «የጀርመን ዘር ነው» ከተባለ ጠባቂነቱ አብሮት እንደተወለደ ይቆጥራል፤ ቀን ቀን በሰንሰለት ያስረዋል፤ ሲያጠፋም በዱላ ይቀጣዋል። በእኛ እምነት ይህ አሠራር ከሳይንሱ ጋር አይጣጣምም።

ዝርያ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። በጎችን ለማገድ ለብዙ ትውልድ ተመርጦ የተዳቀለው ቦርደር ኮሊ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ ለመክበብ ይሻል፤ ቢግል ደግሞ ከጌታው ጥሪ ይልቅ አፍንጫውን ይከተላል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2022 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት የታተመና ከ18 ሺህ በላይ ውሾችን ያካተተ ጥናት፣ በውሾች መካከል ከሚታየው የባሕርይ ልዩነት በዝርያ ሊብራራ የሚችለው 9 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆኑን አሳይቷል።

እንግዲህ አሠልጣኙ ሊያጠና የሚገባው በዝና የሚያውቀውን ዝርያ ሳይሆን ፊቱ የቆመውን ውሻ ነው። ፈሪው በለሆሳስና በትዕግሥት፣ ቅብጥብጡ በአጫጭር ልምምድ፣ ሆዳሙ በቁራሽ ሥጋ ይማራል። ዱላ ግን ለየትኛውም ቢሆን ፍርሃትን እንጂ ትእዛዝን አያስተምርም።

ከሁሉ በላይ ቡችላው ከ3ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ዕድሜው ከሰውና ከልጆች ጋር ሊለማመድ ይገባል። ይህ ወቅት በሰንሰለት ካለፈ ውሻው የሚያድገው ሰውን እየፈራ ነው፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ሌባውን ከጎረቤት ሕፃን ለይቶ አይነክስም።